የጣና ገዳማትን ሥዕሎች ለማየት ለሚነሡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም ትልቁ የሥዕል ስብስብ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አልተከማቸም። በዘጌ የቡና ደን ውስጥና በጣና ደሴቶች ላይ በታነጹ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ፣ እንዲሁም በየዕቃ ቤታቸው በተቀመጡ የብራና መጻሕፍት ገጾች ላይ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ጉብኝቱ ትኬት ቆርጦ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ በመዘዋወር የሚፈጸም አይደለም፤ የጀልባውን ሰዓት፣ የቅዳሴውን ሰዓትና የበዓሉን ቀን አስቀድሞ ማገናዘብ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ ወይም ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥተው ሥዕሎቹን በሚገባ ማየት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

በአንድ ቀን ስንት ገዳም ማየት ይቻላል?

ጀልባው ወደ አራትና አምስት ገዳማት ሊያደርስዎ ይችላል፤ በእኛ እምነት ግን ሥዕሎቹን ለማየት የሚሄድ ሰው በቀን ከሁለት በላይ ማሰብ የለበትም። የአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ አራቱም ገጽታ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሞላ በመሆኑ፣ እያንዳንዱን ታሪክ ለይቶ ለመረዳት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። በችኮላ አምስት ቦታ የረገጠ ጎብኚ ሲመለስ ቀለማቱን እንጂ ታሪኮቹን አያስታውስም፤ የትኛውን ሥዕል የት እንዳየውም ይምታታበታል። የጀልባ ነጂዎች ብዙ ቦታ የሚያካትት ጉዞ ቢያቀርቡልዎም የቦታውን ቁጥር ቀንሰው የቆይታውን ጊዜ እንዲያስረዝሙ ይነጋገሩ።

የትኞቹን ላስቀድም?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከዘጌ ልሳነ ምድር ቢጀምር መልካም ነው። ከባሕር ዳር በባለ ሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን በመኪና መንገድም ይደረሳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በእግር የሚያያዙ፣ ሁለቱም በግድግዳ ሥዕል የበለጸጉ ናቸው። ዑራ ይበልጥ የታወቀ በመሆኑ ጎብኚ ይበዛበታል፤ አዝዋ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ስለሆነ ረጋ ብሎ ለማየት የተሻለ ነው። ጊዜ ያለው ሰው መሐል ዘጌ ጊዮርጊስንና ቤተ ማርያምን ሊጨምር ይችላል።

ሁለተኛ ቀን ያለው ጎብኚ ወደ ደቅ ደሴት ሄዶ ናርጋ ሥላሴን እንዲያይ አጥብቀን እንመክራለን። መንገዱ ረጅም ነው፤ ደርሶ መልሱ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በግድግዳው ላይ እቴጌይቱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተቀመጠችበት ሥዕል ሥር ተደፍተው ሲማፀኑ ተሥለው ይታያሉ። የሕንፃው ጥራት፣ የቀለሙ ጥልቀትና የአሣሣሉ ስልት ከአንድ ዘመንና ከአንድ ቤተ መንግሥት የወጡ በመሆናቸው፣ የጎንደር ዘመንን ሥዕል በአንድ ቦታ ለመረዳት ከናርጋ የተሻለ ቦታ በሐይቁ ላይ ያለ አይመስለንም።

ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት የትኞቹ ናቸው?

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት በመሆናቸው ሴቶች አይገቡባቸውም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናትና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሴቶችም ክፍት ናቸው። ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ወንዶቹ ክብራን ሲገቡ ሴቶቹ እንጦስን እንዲያዩ ጀልባውን አስቀድሞ ማስማማት ይቻላል፤ በጀልባ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።

በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት መሄድ ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለጉዞ ይመቻል። በክረምት የዘጌ መንገድ ይጨቀያል፣ ሰማዩም ስለሚጠቁር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ይቀንሳል። በየትኛውም ወር ቢሆን በጠዋት መነሣት ይገባል፤ ጣና በጠዋት የረጋ ሲሆን ከቀትር በኋላ ነፋስ እየተነሣ ማዕበሉ ስለሚበረታ፣ በተለይ ወደ ደቅና ዳጋ የሚሄድ ሰው ጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ እንዲነሣ ቢያደርግ ይመረጣል።

ከአየሩ ይበልጥ ግን ጉብኝቱን የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ቅዳሴ በሚካሄድበት ሰዓት ሥዕል ለማየት ተብሎ በቅድስት፣ ማለትም በመቅደሱ ዙሪያ ባለው ክፍል ውስጥ መዞር አይቻልም፣ ሊታሰብም አይገባም። በእሑድና በበዓል ቀን ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ጎብኚ ረፋድ ላይ ቢደርስ ይሻለዋል። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እንዲሁም በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ መካከል ካሉት ሳምንታት በስተቀር በረቡዕና በዓርብ፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ የሚካሄድ በመሆኑ ጠዋቱ ለጉብኝት ነፃ ይሆናል። ይህን ሳያጣሩ ሄደው ከበር ላይ የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ወርኃዊና ዓመታዊ በዓላትንም ማየት ያስፈልጋል። ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ እስጢፋኖስ በ17፣ ሥላሴ በ7፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23 ይከበራሉ። የካቲት 16 ቀን ወደ ዑራ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ክብራን የሚሄድ ሰው ንግሡን፣ ማኅሌቱንና ምእመናኑን ያያል፤ ይህም ራሱን የቻለ ታላቅ በረከት ነው። ሥዕሎቹን በጽሞና ለመመልከት የፈለገ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። ሁለቱንም የሚሻ ሰው በዋዜማው ቀን ደርሶ ሥዕሎቹን ቢያይና ለበዓሉ ቢያድር ከሁሉም ይሻላል።

ሥዕሎቹ የሚገኙት በየትኛው ክፍል ነው? ሁሉም ሰው ሊያያቸው ይችላል?

ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው። የውጩ ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ያለው ቅድስት፣ በመካከል ያለው ደግሞ ታቦቱ የሚገኝበት መቅደስ ነው። ወደ መቅደስ ከካህናትና ከዲያቆናት በስተቀር ማንም አይገባም። ዋነኞቹ ሥዕሎች ያሉት ግን በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ጎብኚው በቅድስት ውስጥ ቆሞና ዙሪያውን ተመላልሶ ያያቸዋል። በትላልቆቹ የመቅደስ በሮች ላይ ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው እንደ ጠባቂ ተሥለው ይገኛሉ። አብዛኛዎቹ ሥዕሎች በመጋረጃ ስለሚሸፈኑ የሚያስጎበኙት ካህን ወይም መነኩሴ በረጅም ዘንግ እየገለጡ ያሳያሉ፤ መጋረጃውን በራስ እጅ መግለጥ ነውር ነው።

አብዛኛው ሥዕል በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተቀባ አይደለም። ሠዓሊው የጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥልና ጨርቁ በጭቃ በተለሰነው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጠጋ ብለው ሲያዩ የጨርቁ መጋጠሚያ መስመር ይታያል።

ሥዕሎቹን ለመረዳት አስቀድሜ ምን ልወቅ?

ከሁሉ አስቀድሞ ተአምረ ማርያምንና የታወቁትን የጻድቃንና የሰማዕታት ገድላት የሰማ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። ሥዕሎቹ የተሣሉት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ እንዲናገሩ ነውና ቋንቋቸውም ምእመኑ ከልጅነቱ ጀምሮ በቅዳሴና በስብከት የሰማቸው ታሪኮች ናቸው። ከሐይማኖቱ ውጭ ያለ ጎብኚም ቢሆን ጥቂቶቹን ታሪኮች አስቀድሞ ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል።

የመጀመሪያው ደንብ የፊት አሣሣል ነው። ጻድቃን፣ ሰማዕታትና መላእክት ሙሉ ፊታቸው ወይም ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ይሣላሉ፤ አጋንንት፣ ከሐድያንና ገራፊዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ያወቀ ሰው ታሪኩን ባያውቀው እንኳ በሥዕሉ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይለያል።

ቀጥሎ ቅዱሳኑን የሚያስለዩ ምልክቶች አሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አውጥተው በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የተቆረጠው እግራቸውም ከጎናቸው ሆኖ ይታያል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ይቆማሉ፤ ዓይናቸው ላይ ያረፈችው ወፍ እንባቸውን ስትጠጣ ትታያለች። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተሳፍረው ወደ ደብረ ዳሞ ይወጣሉ፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ ለደራጎኑ ተሰጥታ የነበረችው ልጅ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ወይም ከአጠገቡ ሆና ትመለከታለች። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይሰማቸው የቆሙበት ሥዕልም ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ጎብኚው ፈልጎ እንዲያገኘው የምንመኘው ግን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። 78 ሰዎችን የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል። ከሞተ በኋላ ነፍሱ ስትመዘን ኃጢአቱ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላ ወገን ትቀመጣለች፤ እመቤታችን በጥላዋ ስትጋርዳት የውኃዋ ወገን ይመዝናል። ሠዓሊዎቹ ይህን ታሪክ ሰው ከሚበላበት አንሥተው እስከ ሚዛኑ ድረስ በተከታታይ ስለሚሥሉት ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። የኪዳነ ምሕረትን ትርጉም በቃል ከሚያስረዳ ብዙ ትምህርት ይልቅ ይህ ሥዕል አጥርቶ ይናገራል ብለን እናምናለን።

በየሥዕሉ ራስጌ ያለውን ጽሑፍም አይለፉት። በግእዝ «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና የተሣለው ድርጊት ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይገልጻል። በኋላ ዘመን በተሣሉት ላይ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ሥዕሉን ያሠሩት ሰዎች ስምም አንዳንድ ጊዜ ከሥር፣ ተደፍተው ከተሣሉት ምስሎች አጠገብ ይጻፋል። የማያነቡት ከሆነ አስጎብኚውን ካህን «አባቴ፣ ይህ ምን ይላል?» ብለው በትሕትና ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ከነምስጢሩ ይነግሩዎታል።

የሥዕሉን ዘመን መለየት ይቻላል?

በግምት ይቻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ከሰዎቹ በስተኋላ ያለው ገጽ ባዶ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ ልብሱም በደማቅና በጥርት ያሉ መስመሮች ይሣላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ የኋላው ገጽ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ይሄዳል፣ ፊትና እጅ በጥላ ይደምቃል፣ ልብሱም በአበባ ያጌጠ የውጭ አገር ጨርቅ ይመስላል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም ስለገባ በጣም የሚያበራ ሰማያዊ ይታያል። ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው የተሣሉ ከሆነም ሠዓሊው ጥንታዊውን ታሪክ በራሱ ዘመን ልብስና መሣሪያ እንዳሳየ ይረዱ። ሆኖም አንድ ግድግዳ በተለያየ ጊዜ ሊታደስ ስለሚችል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተበትን ዘመን የሥዕሉ ዘመን አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ምሥረታ በትውፊት እጅግ ወደ ኋላ ቢሄድም ዛሬ የምናያቸው ሥዕሎች አብዛኛዎቹ ከዚያ በኋላ የተሣሉ ናቸው።

ከግድግዳው ሌላ በዕቃ ቤት ምን ይታያል?

በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶች፣ መስቀሎች፣ አልባሳትና የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ሙዚየም አለ። ክብራን ገብርኤል በመጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ ሥዕል ያለው ጥንታዊ አርባዕቱ ወንጌል የሚገኘው በዚያ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም አርፏል። ከዚህም ሌላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ ተጽፎበት የሚገኝ የእንጨት ገበታ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ሠዓሊዎች ስማቸውን በማይጽፉበት ዘመን የአንዱ ስም እስከ እኛ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በዕቃ ቤት ያለ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ ለእያንዳንዱ መንገደኛ አይወጣም፤ ምን እንደሚታይ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፣ ውሳኔያቸውንም በጸጋ መቀበል ይገባል።

ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀዳል?

በብዙዎቹ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቦታ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካሜራ ወይም የስልክ ብልጭታ ግን ቢፈቀድ እንኳ አይጠቀሙ፤ ብርሃኑ በጊዜ ብዛት ቀለሙን ይጎዳል፣ በሥዕሉም ላይ እያንጸባረቀ ፎቶውን ያበላሻል። በመስኮትና በበር የሚገባው የረፋድ ብርሃን ለፎቶም ለዓይንም በቂ ነው።

አለባበስና ሥነ ሥርዓት እንዴት ይሁን?

ጫማ በበሩ ላይ ይወልቃል፤ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ንጹሕ ካልሲ መያዝ ይጠቅማል። ሴቶች ነጠላ ይያዙ፣ ቀሚሳቸውም ረጅም ይሁን፤ ወንዶችም በቁምጣ አይግቡ። ወንዶችና ሴቶች የሚገቡበት በር የተለያየ ስለሆነ የሚያስገቡዎትን ሰው ይከተሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በሥርዓቱ መሠረት ወደ ውስጥ ስለማትገባ ቀኑን ስትመርጥ ይህን ብታስብበት መልካም ነው።

ምን ያህል ገንዘብ ልያዝ?

የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ይከፈላል፣ ዋጋውም ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት በባሕር ዳር ይጠይቁ፤ ሲከፍሉም ደረሰኝ ይቀበሉ። በደሴቶቹ ላይ ባንክ ስለማይገኝ ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ይያዙ። የጀልባ ዋጋ ሲነጋገሩ የመቆያው ሰዓት የተካተተ መሆኑን፣ በጀልባውም ውስጥ ለሁሉም ተሳፋሪ የሚያንሳፍፍ ጃኬት መኖሩን አረጋግጠው ይሳፈሩ።

ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ይችላሉ። ከዘጌ ወደብ እስከ አዝዋ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ወደ ዑራ የሚወስደው ግን ድንጋይና ዳገት ስላለው ለአረጋውያን ምርኩዝ ያስፈልጋል። ሕፃናት አንበሳውንና ዘንዶውን እየፈለጉ ከአዋቂዎች ይበልጥ ሥዕሎቹን ሊወድዱ ይችላሉ፤ ግድግዳውን እንዳይነኩ ብቻ እጃቸውን ይያዙ።

ሥዕሎቹ ለምን ተጎዱ? ጎብኚስ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዋነኛው ጠላት ውኃ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የጭቃው ልስን ይርሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጨርቁም ከግድግዳው ይላቀቃል። ምስጥ እንጨቱን ይበላል፣ የሌሊት ወፍ ኩስ ቀለሙን ያቃጥላል፣ የጧፍና የዕጣን ጢስም ለዘመናት ሲጠራቀም ያጠቁረዋል። በዚህ ላይ የእጅ ላብ ሲጨመር ከታች ያሉት ሥዕሎች ፈጥነው ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ጎብኚ አይንካ፣ አይደገፍ፣ ሻንጣውንም በጀርባው ተሸክሞ በጠባቡ ቅድስት ውስጥ አይዙር። የሚሰጡት ገንዘብ ለጣሪያ ጥገና እንዲውል ከፈለጉ ይህንኑ ለገዳሙ ኃላፊ ነግረው ይስጡ። ሥዕሎቹን ለልጆቻችን የሚያቆያቸው የማያፈስ ጣሪያ ነው፤ ይህን ሳንታክት ለሚጠይቀን ሁሉ እንናገራለን።

ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ መግዛት እችላለሁ?

ወደ ዑራ በሚወስደው መንገድ ዳር የዘጌ ልጆች በብራና ላይ የሣሏቸውን አዳዲስ ሥዕሎችና ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ፤ ከእነርሱ መግዛት ሠዓሊዎቹን ማበረታታት ነው። አሮጌ መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል በምስጢር ላሳይዎ የሚል ሰው ካጋጠመ ግን ፈጽሞ አይግዙ። ቅርስን መሸጥና ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ የአንድን ደብር ታሪክ ማጥፋት ነው።

የጸጥታው ሁኔታስ?

በክልሉ ባለው ሁኔታ ምክንያት መንገድም የጀልባ ጉዞም በድንገት ሊቋረጥ ይችላል። ከቤትዎ ከመነሣትዎ በፊት በባሕር ዳር ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ እንዲሁም የሚሄዱበትን አካባቢ የሚያውቁ የጀልባ ሰዎች ይጠይቁ። አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል።

ከጣና ርቆ የሚኖር ሰው በጎጃም ሌላ ምን ሊያይ ይችላል?

ምሥራቅ ጎጃም ያለ ሰው በሞጣ መንገድ ሲመጣ መርጡለ ማርያም ጎራ ቢል መልካም ነው። በዚያ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ይገኛል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ጌጥ ከሥዕል ቀጥሎ በጎጃም ሊታዩ ከሚገባቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ነው። ደብረ ወርቅ ማርያም የግድግዳ ሥዕል አላት፣ ዲማ ጊዮርጊስም በትምህርቱና በቅርሱ የታወቀ ደብር ነው። ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በዳንግላ በኩል የሚመጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ባሕር ዳር ደርሶ ቢያድር ይሻለዋል፤ ረጅም መንገድ ተጉዞ በዚያው ቀን ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ቅድስት ሲደርስ ደክሞታል፣ ነፋሱም ተነሥቷል። ማታ ላይ የነገውን የቅዳሴ ሰዓት በስልክ አጣርቶ፣ ጀልባውን ተስማምቶና ነጠላውን አዘጋጅቶ ቢያድር ጠዋት ላይ የሚቀረው መነሣት ብቻ ይሆናል።